ግልባጭ

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ፣
የሌላ ሰው ደብዳቤ በካርቦን ገልብጬ፣
ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታ።
ሰኞና ሐሙስ፣ ዝናብ ካባራ ማታ፣
ወደ ነጂብ ክፍል፣ ቆጪ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ስገባ፣
የልጄ እኩያ «እትዬ ፀዳለ፣ ይምጡ» ብሎ
ባለሦስት እግር በርጩማ ይሰጠኛል፣ ከመደዳው ነጥሎ።

ግድግዳው ላይ ያለው ከሂርማታ በውሰት የመጣ፣
ቀለሙ እዚህም እዚያም ተሰንጥቆ የወጣ
የሲራራ ነጋዴ ነው፤
ካባ የደረበ፣
ገና እንዳልተከፈለው ሰው የሚያይ በዘዴ።
መቼ እንደተሳለ የልጅ ልጁ አያውቅም፤
የሠዓሊው ስም ከግርጌ ነበር ይላሉ፤ ምስጥ ግን ስም አይለቅም።

«ይገልብጡት» አለኝ ነጂብ።
ለዚህማ ማን ብሎኝ! እንጀራዬ አልነበረም ወይ?
ቅንድብ አሰመርኩ፣ አፍንጫ፣ ጢሙን ከከንፈሩ በላይ፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ፊት
የቀበሌ መታወቂያ ሆነ፣ ድንጉጥ፣ ዓይኑ የፈጠጠበት።

ነጂብ ሳቀ። ሥዕሉን ከምስማሩ አወረደና
ዘቅዝቆ ሰቀለው፤ ነጋዴው በአናቱ ቆመና።
«ይገልብጡት ስል እንዲህ ነው።
አሁን ፊት የለም፤ አገጭ የሚባል የለም፤
ያለው ጥላ ነው፣ የጥላው ጠርዝ፣ ቀለም።»
እውነትም። አፍንጫው ቋጥኝ ሆነ፣
ግንባሩ ከአዌቱ ማዶ ያለ ሜዳ፣ ጭጋግ የሸፈነ።
ስም ያላወጣሁለትን ነገር እንዳየሁት ሳስቀምጥ
እጄ መጀመሪያ ጊዜ ታዘዘኝ፣ ሳይፈራ፣ ሳይሮጥ።

ቀለሙን የምናዋህደው በተልባ ዘይት ነው።
ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ፣ ሲባል ነበር የምሰማው፤
እዚህ ግን አይንጫጫም፣ ሸራው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤
የጅማ ክረምት አያደርቀውም፤ ሁለት ሳምንት ሰው ይቀጣል።
ጥላም ጥቁር አይደለም፤ ይህን በስድሳ ዓመቴ ተማርኩ፤
ከጉንጩ ሥር አረንጓዴ አለ፤ ፈራሁ፣ ቀባሁ፣ ፋቅሁ፣ መልሼ ጨመርኩ።

እጁ ላይ ስደርስ ነው የገባኝ።
ግራው ካባ ውስጥ ነው። ቀኙም ካባ ውስጥ ነው።
ለክብር መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የሌላ ሰው ጭንቅ ነው።
ከካባው በታች፣ ጥቁሩ በሳሳበት ቦታ፣
ጣቶች አሉ፤ ስድስት ይመስላሉ፤
ሞክሮ፣ ፍቆ፣ ሞክሮ፣ ሠዓሊው ተረታ፤
ካባ አለበሳቸው።

አይ ወንድሜ!
እጅ እምቢ ቢልህ ነው ሰውየውን ያከበርከው!

የነጋዴውን ዓይን ወር ሙሉ ስፈራ ከርሜ
ዛሬ ሌላውን አየሁት፣ እሱ በቆመበት ቆሜ፣
የብሩሹን እጀታ እንደኔ የሚያኝከውን።

«እጅ ይጨምሩበት» አለ ነጂብ፤ «አሁን እኮ ይችላሉ።»
አልጨመርኩም።
ስድስቱን ጣት ሳልኩ። ሸፈንኳቸው። ከሥር አሉ።

ሲደርቅ ሸራውን ገልብጬ፣ በዚያው በቢሮ ጽሕፈቴ
ቀን ጻፍኩ፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ሳይደርስበት ፊርማዬ፣ ማኅተሜ፤
ከግርጌ ግን እጄ አልተወም፦

ግልባጭ፦
ለነጋዴው የልጅ ልጆች፤
ለነጂብ፤
እጅ መሳል ላቃተው፣ ስሙን ምስጥ ለበላው፤
ጅማ።