የመዝገብ ቤቱ ክፍያ

ክሪሽናናጋር፣ ቤንጋል

ነሐሴ ነው፤ ዝናብ። ጣራው ያንጠባጥባል፤
ኒባራን ጸሐፊው ወንበር ይቆጥራል።
ስምንቱ ወደዚያ፣ ዘጠኙ ወደዚህ፤
«እግረ ሰባራውን፣ ቶራብ፣ የት ልጻፍልህ?»
ቶራብ መልስ የለውም፤ ማኅተም ይወለውላል፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀለም ነክተዋል።

የጽሕፈት መኪናዋ ለምሥራቅ ደረሰች፤
ሪባኗ ለምዕራብ፤ ዲዳ ሆና ቀረች።
ካርታው ግን አንድ ነው፣ ሸራ የለበሰ፣
ዳር ዳሩን ምስጥ በልቶት መሐሉ የራሰ።
ከአምስቱ ንዑስ አውራጃ ሦስቱ ተሻገሩ፤
ሁለቱ በእርሳስ እዚሁ ታጠሩ።

ወሰኑ፣ አሉን፣ ወንዙ ነው፤ ማታብሃንጋ።
ወንዙ ግን ማንበብ አይችል፤
በየክረምቱ መኝታውን ይቀይራል፣
የአንዱን የሩዝ ማሳ ከወዲያ አንሥቶ
ወዲህ ጥሎት ይሄዳል።

ሦስት ቀን ሙሉ የወዲያኛውን ባንዲራ ሰቀልን፤
በአራተኛው «ስሕተት ነው» የሚል ቴሌግራም መጣልን።
ቶራብ ነው ያወረደው።
በዝናቡ ውስጥ ቆሞ አጣጠፈው፣
እንደ ሸሚዝ፣
ነገ እንደሚለብሰው።

ማታ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤
«የነሐሴ ደመወዜስ?»
ኒባራን መዝገቡን ገለጠ፣ መነጽሩን ጠረገ፦
«ግማሹ በዚህ ይታሰባል፤ ግማሹ በዚያ።
የዚያኛው ገንዘብ ያዥ ገና አልተሾመም።
የዚህኛው እኔ ነኝ፤
ካዝናው ግን ቁልፉ ለምሥራቅ ደርሶታል።»
ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አልሳቁም።

ሀገር የከፈለው ባሕር ተሻግሯል፤
ያልከፈለው ቶራብ ሲከፍል ይኖራል።

እግረ ሰባራው ወንበር ኮሪደሩ ላይ ነው፤
እስከ ዛሬ አልመዘገብነውም።