ሩብ ዙር

ቫልፓራይሶ ላይ ብረት ዕድሜ የለው፤
ባሕሩ ሌሊት ሌሊት እየላሰ በላው።
ከገደሉ ሊፍት ሥር፣ ከዓሣ ሻጮች ጀርባ፣
ሱቄ ጠባብ ናት፤ አንዱ ሲወጣ ነው ሌላው የሚገባ።

ማክሰኞ ዕለት ነው፤ ዶሚቲላ መጣች፤
ካፖርቷን ለቴፑ አልብሳ፣ እሷ ዝናብ ጠጣች።
«ካሴት ይበላል» አለች፤ «ትናንት አንዱን ዋጠ፤
አንጀቱን ስጎትት፣ አንጀቴ ተቆረጠ።
ደግሞ በቀኝ ዲዳ ነው፣ የሚያወራው በግራ፤
ቁልፉን ስጫነው ይዘላል፤ ማንን ልጣራ?»

ተረጋጊ፣ አልኳት። የዚህ ዕቃ ሕመሙ ጥቂት ነው፤
ሰው ግን ሁልጊዜ ሞተሩን ነው የሚፈራው።

አራት ብሎን ከሥሩ፣ ሁለት ደግሞ ከኋላ፤
ክዳኑን ሳነሳ ጨው ሸተተኝ፣
አቧራ፣ የተቃጠለ ዘይት፣
ማን እንደጣላት የማላውቅ አንዲት የደረቀች ቅጠል።
ቀበቶው ላስቲክነቱን ትቶ ሬንጅ ሊሆን ነው፤
ጣቴን እንደ ኃጢአት ይዞ፣ አልለቅ ያለው።

ጥጥ በአልኮል ነክሬ ራሱን ጠረግኩት፤
ቡናማ ወጣ፤ ደግሞ ቡናማ፤
የሃያ ዓመት ሙዚቃ ከፊቱ አጠብኩት፣
ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ። ችኩል እዚህ ነው የሚስተው፤
ግማሽ የታጠበ ራስ፣ ጸሎቱን ግማሽ ያደረሰ ሰው ነው።

ትንሿ ጎማ አብረቅርቃለች እንደ መስታወት፤
በላተኛዋ እሷ ነች፤ ድዷ ለስልሶ ነው መያዝ ያቃታት።
በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጌ ሻከር አደረግኳት።
ቀኝ ጆሮውስ? ሽቦው ተነቅሏል፣ ከፀጉር የቀጠነ፤
አንድ የእርሳስ ጠብታ፣ አንድ ትንፋሽ — ዳነ።

አዲስ ቀበቶ አጠለቅኩ። ሞተሩ ሳል ሳል አለና ዞረ፤
በመለኪያው ካሴት ሳየው ግን፣ አሁንም ወደ ኋላ ነበረ፤
ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ያዘግማል፣ ምናልባት ለዓመታት።
ከሞተሩ ጀርባ ቀዳዳ አለች፤ በውስጧ ደቃቅ ብሎን፤
ሩብ ዙር አዞርኳት።

«ካሴትሽን አምጪ» አልኳት። ከጉያዋ አወጣች፤
እርሳስ ከጠረጴዛዬ አንስታ፣ የላላውን ጥብጣብ አጠበቀች።
«ሬሙንዶ» ይላል፣ በደበዘዘ ሰማያዊ።
ወንድሟ ነው፤ በወደቡ ራዲዮ ለዓሣ አጥማጆች
ነፋስ ያነብ የነበረ።

«ከደቡብ ምዕራብ ነፋስ፤ ማዕበል ሁለት ሜትር፤
ትንሽ ጀልባ ያለው፣ ዛሬ ከወደቡ አይውጣ።»

ድምፁ ቀጭን ነበር። ችኩል። ገና እንዳልጎረነነ ልጅ።

ዶሚቲላ ደነገጠች። «ይሄ እሱ አይደለም!
የኔ ሬሙንዶ ከጉድጓድ ነው የሚናገር፤ እንዲህ አይጮህም!
አሥራ አንድ ዓመት በየሌሊቱ ሰምቼዋለሁ፤
ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

ምን ልበላት?
ጉድጓዱ ያረጀ ላስቲክ ነው ልበላት?
ሐዘንሽ ያጎረነነው፣ አንዲት የላላች ብሎን ናት?
ካቻቢቴዬን አነሳሁ፣ ወደነበረበት ልመልስላት።

ያኔ ሬሙንዶ ተሳሳተ፣ በቴፑ ውስጥ፤
«ሁለት ነው ያልኩት? ሦስት ነው፣ ጌቶች፣ ሦስት!»
ሳቀም፣ ዘይት እንዳልቀመሰ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ብሎ።

እጄን ያዘችው።
«ፉጨት ይሉት ነበር» አለች፣ «ሰፈሩ ሁሉ፣ በልጅነቱ።
ድምፁን እየጠላ ነው ያደገው።
ረስቼው።
ስሙን ያወጣሁለት እኮ እኔ ነበርኩ።»

ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ ሁለታችንም ዝም።
እስከ መጨረሻው ሰማነው፤ ነፋሱን፣ የጭጋጉን መጠን፣
ያ ቀን ምን ቀን እንደነበር አልጠየቅኳትም።

ስትከፍለኝ፣ «ብሎኗ የት ናት?» አለችኝ።
አሳየኋት። አልነካቻትም፤ ቀዳዳዋን ብቻ አየች።
«ይቺ ትንሿ ካቻቢቴ ስንት ነው ዋጋዋ?»
አልሸጥኩላትም። ሰጠኋት።

«በየወሩ ጥጥና አልኮል!» ብዬ ከደጃፌ ጮህኩ፤
ሊፍቱ ግን በሩን ዘግቶ፣ እየተንቋቋ፣
ወደ ላይ መሄድ ጀምሯል።