የመጨረሻው ዙር

ቤርሳቤህ። ሌሊት ነው። አምስተኛው ፎቅ ላይ እኔና ማሽኖቼ፤
ሁለት ተጫዋቾች አፋጥጫለሁ፣ ሕጉን አውጥቼ፦
ከተማመኑ ሦስት ሦስት፤ አንዱ ቢከዳ አምስት ለከዳው፣
ባዶ ለታመነው፤ ሁለቱም ከከዱ አንዳንድ ነው ፍዳው።

መቶ ዙር አልኳቸው።
ዘጠና ዘጠኙን እንደ ደግ ጎረቤት እሳት ተጫጭረው አደሩ፤
መቶኛው ሲደርስ ግን በአንድ ትንፋሽ ካራ መዘው ዞሩ።
ነገ የለማ! ማን ይበቀላል? ማን ይታዘባል?
ሒሳቡ ልክ ነው። ነገሩ ግን ወደ ኋላ እንደ እከክ ይጋባል፦
መቶኛው ከጠፋ ዘጠና ዘጠኙ የመጨረሻ ነው፣
እሱም ከጠፋ... እያለ፣ እያለ፣ የመጀመሪያውን ሰላምታ በላው።

ይህን ሁሉ መብራት በልቶ ማሽኔ የደረሰበት
«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ነው፤
አህያ በነፃ የደረሰችበት።

አጎቴ ባይህ ሶሮካ ሆስፒታል ተኝቷል፣ መስኮቱ ሥር።
ሐኪሟ አልደበቀችውም፦ ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት።
እንግዲህ እሱም ያውቀዋል፣ የዙሩን ቁጥር።

ትናንት ከትራሱ ጨርቅ ውስጥ መቶ ሃያ ሸቀል አወጣ።
«ራሃት ሂጂ። አውዳ የሚሉት ጎማ ጠጋኝ አለ፣ አንድ ዓይኑ ነጭ።
በብስክሌት ፋብሪካ ስመላለስ ጎማዬን ቀየረልኝ፤ ነገ አልኩት።
በነጋታው ዝናብ መጣ።
ከዚያ ሱቁን ዘጋ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።»

«ረስቶታል እኮ!»
«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤
እኔ ግን የወጋሁት ነኝ። የኔው ጦር እኔው ጎን ውስጥ ይላወሳል።»

«ምን ታተርፋለህ?» አልኩት፣ በማሽኔ ድምፅ።
ሳቀ፣ ሳል እስኪያንቀው።
«ነገ ለእኔ ነው ያለቀው።
ለአውዳማ ገና አለው። ሌላ ብስክሌተኛ መጥቶ ‹ነገ› ሲለው
በኔ ነገ አይደል የሚመዝነው?»

ራሃት። አቧራ፣ የፍየል ድምፅ፣ የጎማ ቁልል።
አውዳ ራሱን ነቀነቀ፦ «ብስክሌት? አላስታውስም፣ ልጄ። ስንቱን!»
ገንዘቡን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።
ሃያዋን መልሶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ፦
«ያን ጊዜ ዋጋው መቶ ነበር።»

አሁን ማሽኖቼ ይጠብቁኛል።
የዙሩን ቁጥር ብደብቃቸው ይታመናሉ፤ የታወቀ ብልሃት ነው።
አጎቴ ግን ቁጥሩን ያውቃል።

ሃያዋ ሸቀል ኪሴ ውስጥ ናት። የጉብኝት ሰዓት አልፏል።
ነገ እሰጠዋለሁ አልኩ፣
ነገ።