ሴት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት

ከባልካሽ በስተ ደቡብ፣ ሳክሳውል በሚበቅልበት፣
አንድ ጂፕ አለ፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ ጣሪያው የዛገ ቤት።
እዚያ ነው ከንዥጉል፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት፣
የበረሃ አይጥ ደጃፍ እየዞረች የምትመዘግበው፣
ነጭ ፍላኔል በጎማ ቱቦ ጠቅልላ ጉድጓድ የምትሰደው።
ትንፋሽ ያህል ትቆያለች፤ ቀስ አድርጋ ታወጣለች፤
ነጩ ላይ የሚፈናጠረውን አንድ፣ ሁለት ትላለች።
ኑግ እግር ቢያወጣ፣ ይኸው ነበር መልኩ፤
ብልቃጡ ከተማ ይደርሳል፣ ለእኔ ነው መላኩ።

እኔ ቁንጫን የማውቃት በአጉሊ መነጽር ነው፤
ባክቴሪያው ጉሮሮዋ ላይ ሰፍሮ እንደ ግድብ ሲዘጋው፣
ትጠጣለች፣ አይወርድም። ትነክሳለች፣ አይወርድም።
አፏ ሙሉ፣ ሆዷ ባዶ፤ በደም መሀል የደም ጥም።
ያነቃትን እየተፋች ከገላ ገላ ትዘላለች፣
እስክትሞት ትነክሳለች።
ክፋት አይደለም፤ ራብ ነው።
ተማሪዎቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤
ለማን እንዳዘኑ እንጃ፣ እነሱም አይናገሩ፣ እኔም አልጠይቅ።

አምና በጥቅምት የድሮ ብልቃጦችን ስንቆጥር፣
እንደ ትንሽ ጣት የቀጠኑ፣ አፋቸው በእሳት የታሰር፣
ውስጣቸው ነጭ ትቢያ፣ እንቅልፍ የያዘው ዘር፣
አንዱ ላይ አየሁ፣ በደበዘዘ ቀለም፣ ባዘመመ ጽሕፈት፦
«ከሰው። ከንፍፊት። ሴት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።»
የመንደሩ ስም አለ። የሷ የለም።

ከንዥጉል ጋ ደወልኩ፤ መንደሩ የት ይሆን ብዬ፣
ካርታው ላይ አጥቼው፣ ለሌላ አልነበረም ጥያቄዬ።
«ዘመኑስ?» አለች። ነገርኳት። «ወሩስ?» «ነሐሴ።»
ነፋስ ሰማሁ በስልኩ፣ የጄኔሬተር ድምፅ፣
ከዚያ፣ የጉድጓድ ቁጥር እንደምትነግረኝ ሁሉ፣
«እናቴ ናት» አለች።

በአውቶቡስ መጣች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተጉዛ፣
ሰው ቤት እንደሚሄድ እንግዳ፣ የደረቀ አይብ ይዛ።
ስድስት ዓመቷ ነበር። ግመል ታሞ ታረደ፤
ቆዳውን የገፈፈችው እናቷ ነበረች።
ጭንብል ያደረጉ መጡ፤ ድንኳኑ ነደደ፣
ሳጥኑ ነደደ፣ ሳጥኑ ውስጥ ፎቶዋ ነደደ።
የተቀበረችበትን ያሳያቸው የለም፤ ኖራ ነሰነሱ፣ ሄዱ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩላት። አራት ዓይነት ፊደል ብቻ፣
ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ፣ ማለቂያ የሌለው ዘለላ ርጋቻ።
«ይህቺ አንዷ ፊደል ናት ከጎረቤት ዝርያ የምትለየው፤
ከጉድጓዱ ወደ ግመሉ፣ ከግመሉ ወደ...» አፌን ያዝኩ።
መስታወቱን በጣቷ ነካች።
«የሷስ ፊደል የታለ?»
«የለም። ይህ የገደላት ነው።»
«ከሷ በልቶ አይደል ያደገ?»
«ነው።»
«እንግዲያ ትንሽ አለች።»

ሳይንስ ለዚህ መልስ አለው፤ አውቀዋለሁ፤ አልመለስኩም።
«ትቀልቡታላችሁ?» አለች።
«አናደርግም። ደርቆ ይተኛል።»
«ተርቦ?»
«ተርቦ።»

አንድ ነገር ለመነችኝ፤ ስሟን እንድጽፍላት።
የድሮ መለያ አይነካም፣ ደንብ ነው፤ ደንቡን ነገርኳት።
ራሷን ነቀነቀች፤ ደንብ ታውቃለች፣ ከኔ በላይ።
ማታ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ፣ መዝገቡ ጠርዝ ላይ
በእርሳስ ጻፍኩት፦ ባልሼከር።
ማርና ስኳር ማለት ነው።

በሚያዝያ ሣጥኗ መጣ፤ በረዶው እንደ ሄደ።
ብልቃጥ በብልቃጥ ስፈትሽ፣ እጄ አንዱ ላይ ዘገየ።
ጉድጓድ፦ ሁለት መቶ ስድስት። ቁንጫ፦ አርባ ሁለት።
«ሁኔታ» የሚለው መስመር ሁልጊዜ ባዶ ይመጣል፤
ዘንድሮ ሞልታዋለች፣ በጥንቃቄ፣ በትልልቅ ፊደላት፦
ሁሉም ተርበዋል።