ዘጠኝ ከሃያ

ሐኪሙ በወገቡ ላይ ትንሽ ሣጥን አሰረ፣
ከሣጥኑ በቀጭን ቱቦ ክንዱን በጨርቅ ቋጠረ፤
«በየግማሽ ሰዓቱ ይነፋል፤ ያንቃል፣ ደግሞ ይለቃል፤
ቁጥሩን አንቺ አትከታተዪ፤ ቁጥሩን ሣጥኑ ያውቃል።
ያንቺ ሥራ መጻፍ ነው፤ ሲነፋ ምን ያደርግ እንደነበር፣
በላ ወይ? ተኛ ወይ? ተቆጣ ወይ?» አለና ሰጠኝ ደብተር።

ባባ ኸልፋን የሱር ናሆዳ፣ የጀልባ አዛዥ በወጣትነቱ፣
ዛንዚባር በሸራ ደርሶ የሚመለስ በየዓመቱ፣
አሁን ከአልጋ እስከ መስኮት ነው የባሕር መንገዱ፤
እሱንም ብቻውን አይደለም፤ በኔ ክንድ ላይ ነው ክንዱ።

ዐረብኛ አፌ ይናገራል፣ እጄ ግን አይጽፈውም፤
በራሴ ፊደል ሞላሁት፤ ሌላ ፊደል የለኝም።
ሣጥኑ ሰባት ሲል እኔ አንድ፣ ሣጥኑ አሥር ሲል አራት፤
ሁለት ቆጣሪ ላንድ ልብ፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት።

አንድ ከሃያ። ቴምር በላ፤ ሦስት ፍሬ።
ለሦስት አሥር ጉዳይ። ልጁ ሞዛ ከመስከት ደወለች። ስለ ቤቱ ሽያጭ። ዝም አለ።
ስድስት ከሃያ። ሲሰግድ ነፋበት። አላቋረጠም።
አሥራ አንድ ከሃያ። የዓሣ ጀልባዎች ሲገቡ ቆጠረ፤ አንዷን ሁለቴ።

ሌሊት። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤ ባሕሩ ከመጋረጃው ወዲያ፤
ሣጥኑ እንደ ንብ ሲነሣ ደርሶ ነበር ዘጠኝ ከሃያ።
ባባ ዓይኑን ከፈተ፤ ክንዱ ላይ ጨርቁ ሲጠብቅ፣
የሴት እጅ መሰለው፣ አንዴ ከያዘ የማይለቅ።
«ሸምሳ?» አለ።
ሸምሳ ከሞተች ቆየች፤ ግድግዳው ላይ ነው ፎቶዋ፤
እኔ የማስረው ሻሽ የሷ ነው፤ እስካሁን አልወጣም ሽቶዋ።
«አይደለሁም» አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መለስኩት፤
«አለሁ፣ ኸልፋን» አልኩ። ባባ ሳልል፣ በስሙ ብቻ ጠራሁት።
ሣጥኑ ተነፈሰ፤ ጨርቁ ላላ፤ እሱ ግን እጄን አልለቀቀም፤
ከዚያ ወዲያ እስኪነጋ አንድም ቃል አልጨመረም።

በማግስቱ ሐኪሙ ሣጥኑን ፈታ፤ ኮምፒውተሩ ላይ መስመር ወጣ፤
«እዚህ ጋ ተራራ» አለ፤ «ከሥሩ ወዲያው ሜዳ። ምን መጣ?
ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው።» በልቤ ስድስት ደመርኩበት፤
ደብተሬን ገለጥኩ፤ በገዛ እጄ እንዲህ ተጽፎበት፦

ዘጠኝ ከሃያ። ሸምሳ መጣች።

እሱ አያነበው።
«ውሃ ጠጣ» አልኩት።
መዘገበው። «ጥሩ ነው» አለ፤ «ሌሊት ሲነቃ ሁሌ ስጪው።»
እሺ አልኩ።
ሻሼን ፈትቼ፣ እንደገና አጥብቄ አሰርኩ።