ሁለት ጀሪካን ውሃ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ባጃጅ ተሰልፎ ተራ ከሚጠብቅበት፣
ከብሎኬት ማምረቻው ግንቡን ተደግፋ፣
አንዲት ክሊኒክ አለች፣ ቀለሟ የጠፋ።

እዚያ ነው የምሠራው፣ ከእርሳሱ በር ኋላ።
ላሊሶ ሲሚንቶ ያነሳል፤ እኔ አጥንት አነሳለሁ፤
አንዲት ግስ ለሁለት ሰው ጉርሻ ስትሆን አያለሁ።

ሐሙስ ዕለት መጣ፣ ክንዱን በሻርፕ አንጠልጥሎ፣
ከኋላው ፎርማኑ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ጥሎ።
ከአይሱዙው ጫፍ ነው፣ ኩንታል እንዳዘለ፣
መሬቱን በትከሻው አናት የተቀበለ።
ወጌሻ «ወለምታ ነው» ብሎ በቅቤ አሸው፤
ቅቤው አለቀ እንጂ ሕመሙ አልሸሸው።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ፣ አስተኝተን አንስተነው፣
«ስብራት የለም» ብለን ጽፈን ሸኝተነው፣
ያቺን ወረቀት ነው ፎርማኑ የያዛት፤
እንደ ፍርድ ግልባጭ ፊቴ የዘረጋት።
«ሰነፍ ነው» አለኝ። «ይኸው! ጽፋችኋል ራሳችሁ።
የሌለ ስብራት ለምን ታስታምማላችሁ?»

ዝም አልኩ። ግማሹ ጥፋት የኛ ነበር።

ራጅ አጥንትን ያያል፤ ጅማትን አያይም፤
በጥቁሩ ፊልም ላይ ጅማት ጥላም የለውም።
በደህናው ቀን ማንም ስሙን አይጠራውም።
ሲበጠስ ነው አጥንት ከአጥንት የሚርቀው፤
ባዶውን ለክተህ ነው መኖሩን የምታውቀው።

እና አቆምኩት። ቀና በል። ግድግዳውን ተጠጋ።
ሸክም ያስፈልገናል፣ ትከሻህ እንዲያወጋ።
መጽሐፉ «ክብደት» ይላል፣ በኪሎ የተለካ።
እኛ ጋ ያለው ግን፣
የጽዳቷ ብርቄ ኮሪደር ያቆመቻቸው
ባለ አምስት ሊትር ጀሪካኖች፣ አፍ ድረስ የሞላቻቸው።
«ውሃ ከመጣ እኮ አስራ አንድ ቀኑ!» አለች፤
«ጠብታ ብትደፉ!» ማልንላት። አመነች።

በፋሻ አሰርኳቸው፣ በሁለት እጁ አንጓ፤
«አትጨብጥ» አልኩት። «ይንጠልጠሉ ዝም ብለው።»
እሱ ግን ጨበጠ።
«ልቀቀው።» «ለቀቅኩት።» አልለቀቀም።
ጡንቻው ተወጥሮ ትከሻውን ደገፈ፤
እንደ ታማኝ ሎሌ የጌታውን ነውር አቀፈ።
ከሆሳዕና የመጣ በአስራ ስድስት ዓመቱ፣
ሳይጨብጥ መሸከም የት ለምዶ በሕይወቱ?

«ልጅ አለህ?» አልኩት፣ እንዲሁ፣ ሌላ ነገር ሳጣ።
«አለችኝ።»
«ስሟ?» «ኤፍራታ። ስድስት ወሯ። ትላንት ሳቀችብኝ።»
ጣቱ ተፈታ።
ያኔ፣ ሮጥ ብዬ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣
ትንፋሽ መያዝ የሱ ነው፤ እኔ እየያዝኩ።

ጨለማው ክፍል ገባሁ። ቀይ መብራት። የአሲድ ሽታ።
ፊልሙ ቀስ ብሎ ነጣ ከገበታው ውስጥ፣ በእርጋታ።
ግራው እንደ በርና መቃን፣ ገጥሞ የተዘጋ።
ቀኙ ግን፣ ክንዱ ከነጀሪካኑ ቁልቁል ወርዶ፣
ያንገቱ ስር አጥንት ብቻውን ሽቅብ ሄዶ፣
በመሃል ጨለማ።
ማስመሪያ አስጠጋሁ። ግራው አስራ አንድ ሚሊ።
ቀኙ ሃያ ሁለት።
ደግሜ ለካሁ። ሃያ ሁለት።
የገዛ ግራው ለቀኙ ምስክር ቆመለት።

ፎርማኑን ጠራሁት። እርጥቡን ፊልም መስኮት ላይ ያዝኩ፤
ከአጥንቶቹ ኋላ ያልተለሰኑ ኮንዶሚኒየሞች፣
የአቧራ ጠሐይ፣ አንድ ክሬን።
«እዚህ ጋ ምንም የለም» አለ፣ ጣቱን ባዶው ላይ ጭኖ።
«አዎ» አልኩት። «የለም። እዚያ ጋ የነበረው ነው የሌለው።»
ቆየ። ስልኩ ጠራ። አላነሳውም።
«ስንት ቀን ይተኛል?»
«ሐኪሙ ይንገርህ። በሳምንት ቁጠረው እንጂ በቀን አትቁጠረው።»

ወረቀቱን ስጽፍ ቆይቼ ቀና ስል፣ ወንበሩ ባዶ፤
አንዱ ጀሪካን የለም።
ከኮሪደሩ ድምፁ፤ «ጠብታ አልፈሰሰም፣ እትዬ።»
ወዲያው ተመለሰ፣ ሁለተኛውን ሊወስድ።
«ኧረ በስማም! ተው! አሁን ምን አልኩህ?»
በግራ እጁ ከፍ አደረገው።
«ግራው» አለኝ፣ በሩን በእግሩ እየከፈተ፣
«ወረቀቱ ላይ የለም።»