ቀዩ ብልቃጥ

ወር በገባ በአሥራ አንድ፣ ካርዴን በኪስ አጥፌ
ከሰኞ ገበያ ሽቅብ እወጣለሁ ለአንዲት ቀይ መርፌ።
ድሮ ቀላል ነበር፤
ስም ይጠራል፣ እጅጌ ይጠቀለላል፣ ጥጥ ይታሻል፣ ያልፋል፤
ሲስተር ደብሬ «አብሽሩ ጋሽ ሙሄ» ስትለኝ ይበቃል።

ዘንድሮ ግን በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል፣
ባልዲ ከነቧንቧው በርጩማ ላይ ቆሟል፣
መሬቱ በኖራ ክብ ክብ ተሰምሯል።
አንድ ክብ፣ አንድ ሰው።
እኔም ገባሁበት፣ እንደ ቁልፍ በቀዳዳው።
ዘበኛው አራጋው፣ የሠርጉን ኮት የሰፋሁለት፣
ሽጉጥ መሳይ ነገር ግንባሬ ላይ ደግኖ
«ሠላሳ ስድስት ከሁለት» አለ እንደ ዳኛ ሆኖ።
«ሳል አለዎት?»
የለም።
«ትኩሳትስ?»
እሱም የለም።
«ታዲያ ምንዎን ነው?»

ከፊቴ ያለችው ልጇን አዝላ ትንፋሹን ትቆጥራለች፤
ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ ከባቲ ድረስ መጥተው
ሳላቸውን በፎጣ አፍነው ያስላሉ።
እኔ «ቫይታሚን» ብል ምን ይሉኛል እነዚህ ሁሉ?
መንደር ሲቃጠል ክብሪት እንደሚለምን ሰው
ቃሉን ጭምብሌ ውስጥ ዋጥኩት፣ መልሼ አወጣሁት፣
«ቢ አሥራ ሁለት» አልኩት።
«ምን?» አለኝ። ደገምኩት።
ሰልፉ ሁሉ ሰማኝ።

ሕመሜ ስም የለውም፣ ስሙ ቁጥር ነው።
ደም አያስተፋ፣ አልጋ አያስይዝ፣
እንደ መብራት ኃይል በተራ ያጠፋል፤
ዛሬ ትንሿን ጣት፣ ከርሞ መዳፍን።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲንጀሬ ላይ ተቀምጬ
ክር በምራቅ አርጥቤ፣ በጥርሴ ቆርጬ፣
አንድ ቀን የሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ ደም አየሁ፤
የማን ነው ብዬ ፈለግኩ።
የኔ ነበር። መርፌው ጣቴ ውስጥ ቆሞ ነበር።

ጎረቤት «ሥጋ ብላ» አለ፤ በላሁ።
«ጉበት ነው እንጂ» አለ ሌላው፤ እሱንም በላሁ።
ሐኪሙ ነው የነገረኝ፦
«አባቴ፣ ሆድዎ በሩን ዘግቷል፤
እንግዳው ደጅ ቢደርስም አያስገባ።
እኛ በመስኮት እናሾልከዋለን፣ በክንድ፣ በየወሩ፣
እስከ ዕድሜ ልክ።»
ይኸው አሁን የጤና ጣቢያውም በር ተዘጋ፤
«ድንገተኛ ብቻ» ይላል በፕላስተር የተለጠፈው ወረቀት።
የኔ ድንገት የለውም።
የኔ ዝግታ ነው።

ሁለት ወር ባዶ ክንዴን ይዤ ተመለስኩ።
ጭምብል ስሰፋ ከረምኩ፣ ሦስት መቶ ሞላ፤
በዓይኔ ነው የሰፋሁት፣ በጣቴ አይደለም።

በሦስተኛው ግን አንዲት ሴት ወጣች በላስቲክ ተጠቅልላ፤
በጭምብሏ አወቅኳት፣
ከሚስቴ መጋረጃ የተረፈ አበባ፣ ጠርዙ የተንጋደደ።
«ጋሽ ሙሄ፣ ከኮምቦልቻ ሦስት ፍሬ መጥቶልናል፤
ውስጥ አይግቡ፣ በጓሮ ይምጡ።»

ከልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።
ጦሳ ጉሙን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል፤
የታጠቡ አንሶላዎች ፊቴ ላይ ያንጠባጥባሉ።
የብልቃጡ አንገት ቀጭ አለ፤
ቀዩ ውኃ ወደ ሲሪንጁ ወጣ።
«አመመዎት?»
አመመኝ። ክንዴ ድሮም አይዋሽም፤
ጣቴ ነው ሐሰተኛው።
እጇን ልስም ጎንበስ አልኩ፤
ሁለታችንም ደንግጠን ሸሸን።
ከዚያ ሳቀች፤ በዓይኗ ብቻ።

በአሥራ ሰባተኛው ሌሊት፣ መብራት መጥቶ ስሰፋ
የቀለበት ጣቴን ወጋኝ።
ወጋኝ!
«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቴ ከመኝታዋ።
ምን ልበላት? ሦስት መቶ አርባኛው ጭምብል
በደም ተበላሸ አልኳት፣ እየሳቅኩ።
«ታዲያ ምን ያስቅሃል?» ብላ ዞራ ተኛች።

አውራ ጣቴ ግን ገና ነው፤
ኖራው ክብ ውስጥ ቆሟል፣
ተራ ይጠብቃል።